ከመለጠፋችሁ በፊት እሾሁን ፈልጉ

ባለፈው ኅዳር በአንድ ሳምንት ውስጥ የሳይክሌ የኋላ ጎማ ሦስት ጊዜ ተነፈሰብኝ። ሦስቴ አስለጠፍኩ፣ ሦስቴ ከፈልኩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከቤት ስወጣ ጎማው እንደገና ወርዶ ቸርኬው መሬት ሊነካ ደርሷል። ለ2 ሰዓት የቀጠርኳት ሙሽራ ነበረች፤ ቀሚሷን ልትለካ ነው። እኔ የምኖረው ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው፤ የልብስ ስፌት ቤቴ ደግሞ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን ድልድይ ሳይክሌን እየገፋሁ ተሻገርኩት። 380 ሜትር ነው ይባላል። ያን ቀን ግን ማለቂያ የሌለው መሰለኝ። ሙሽራዋ በሬ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት።

ማስቲሹ የማይረባ ነው፣ አለዚያም ጎማው አርጅቷል ብዬ ደምድሜ ነበር። ማታ ስመለስ ሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ ጋ ወሰድኩት። ዋንዛ ሥር ተቀምጠው ሳይክል ሲሠሩ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጎማ በቃው መሰለኝ። ልጥፍ አልይዝ አለ።»

የውስጡን ጎማ፣ ከመነዳሪ የምንለውን፣ አውጥተው በጣታቸው እየዳሰሱ አዩት።

«ልጥፉማ አንድም አልለቀቀም፣ ይኸው። እሾሁን አወጣሽው ወይ?»

«የምን እሾህ? ጎማው ላይ ምንም የለም እኮ፣ በደንብ አይቼዋለሁ።»

«ከውጭ ነዋ ያየሽው፣ ልጄ።»

የላዩን ጎማ ገልበጥ አደረጉና ብጭቅ ጥጥ ይዘው ውስጡን ዙሪያውን ቀስ ብለው ጠረጉት። አንድ ቦታ ላይ ጥጡ ተያዘ። ሲያነሱት ቀጭን ነጭ ክር ጎማው ላይ ቀረ። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ በዓይን የሚታይ ነገር የለም። በጣቴ ስዳስሰው ግን ወጋኝ። ከውጭ ተሰብሮ ጎማው ውስጥ የቀረ የኩርንችት ጫፍ ነበር። ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም። ሳይክሉ ላይ ስቀመጥ ጎማው ሲጫን ብቅ ይላል፤ ስወርድ ይደበቃል። ሦስቱም ልጥፎች ሁለት ጣት በማይሞላ ቦታ ላይ ተጠጋግተው የተለጠፉት ለዚህ ነው። በአራተኛው ቀን የተነፈሰውም እዚያው ጎን ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጎማዬን ራሴ ነው የምሠራው። ሥራዬ መርፌና መቀስ ስለሆነ እጄ ቶሎ ለመደው። ሳይክል እየነዱ በየሳምንቱ ጎሚስታ ቤት የሚቆሙ ብዙ ሰዎች ስለማውቅ፣ በተለይ ሴቶች፣ የምሠራበትን መንገድ ልጻፈው አልኩ።

ምን እንደወጋችሁ እወቁ

ባሕር ዳር ለሳይክል የምትመች ከተማ ናት። ሜዳ ናት፣ መንገዷም ሰፊ ነው። ዳገት ያማረው በዛዊት ተራራ ድረስ መሄድ አለበት። እሾሁ ግን በየወሩ ዓይነቱን እየቀያየረ ይጠብቀናል።

ዋናው ኩርንችት ነው። ክረምቱ ሲወጣ መንገድ ዳር፣ ባዶ ቦታ ላይ፣ ጠጠር በፈሰሰበት ሁሉ መሬት ለመሬት ተንጣሎ ይበቅላል። ቅጠሉ የሽምብራ ቅጠል ይመስላል። አበባው ትንሽና ቢጫ ነው፤ አምስት ቅጠል አለው። ሰው ሁሉ አደይ አበባ በሚያይበት በመስከረም እኔ ዓይኔ መሬት ላይ ነው። ያኔ ፍሬው ገና አረንጓዴ ስለሆነ ያን ያህል አይወጋም። ኅዳር ሲገባ ይደርቅና አምስት ቦታ ይከፋፈላል። አንዱን ክፋይ መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እዩት፤ ሁለት ቀንድ ያለው የበሬ ራስ ይመስላል። ከሥሩ ደግሞ ሌሎች ሁለት ትንንሽ እሾሆች አሉት። እንዴትም አድርጋችሁ ብትጥሉት አንዱ ቀንድ ወደ ላይ ይቆማል። በጫማም በበግ ሰኮናም በጎማም ተጣብቆ አገር ያቋርጣል።

ኩርንችት ጎማ አያፈነዳም። የሚተወው ቀዳዳ የመርፌ ጫፍ ታህል ናት። ማታ ደህና የነበረው ጎማ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ሲተነፍስ ያድራል። ጠዋት ስታዩት ሰው ያስተነፈሰባችሁ ይመስላችኋል። እኔም የጎረቤት ልጆችን ጠርጥሬ አውቃለሁ፤ በኋላ አፍሬ እናታቸውን ይቅርታ ጠይቄአለሁ።

ግራር ሌላ ነው። ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ አንዳንዱ ጣት የሚያህል። የላዩን ጎማ በስቶ፣ ከመነዳሪውን ከአንዱ ገጽ ገብቶ በሌላው ገጽ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ግራር ከወጋችሁ አንድ ቀዳዳ አግኝታችሁ አታቁሙ፤ ከጀርባው ያለውን ገጽም እዩ። ወደ ዘንዘልማ ወይም ወደ ጢስ አባይ የምትነዱ ሰዎች ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። እህል ከተሰበሰበ በኋላ ገበሬው ለአጥር የሚሆን የግራርና የአጋም ቅርንጫፍ በመንገድ ሲጎትት እሾሁ ይራገፋል።

ከተማ ውስጥ ደግሞ ማንም የማይጠረጥረው ዘንባባ ነው። የዘንባባ ቅጠል ጫፉ ለስላሳ ነው፤ ሆሳዕና ላይ ቀለበት እንሠራበታለን። ወደ ግንዱ የሚጠጋው የቅጠሉ እግር ላይ ያሉት ግን ወስፌ ናቸው። ዛፎቹ ሲከረከሙ ያን ሰሞን ከአስፋልቱ ጠርዝ ራቅ ብላችሁ ንዱ። አጥር ላይ የሚንዠረገገው ቡጋንቪላም በዚያ ውብ አበባው ሥር እሾህ አለው፤ የተቆረጠ ቅርንጫፉ በተጣለበት አትለፉ።

መንገድ ላይ

እሾህ በበዛበት ቦታ ካለፋችሁ ቆም በሉና ጎማውን በእጃችሁ እያዞራችሁ እዩት። የተሰካ እሾህ ካያችሁ ወዲያው አትንቀሉት። ብዙ ጊዜ እሾሁ ራሱ ቀዳዳውን ደፍኖ ይይዛል። መለጠፊያ ካልያዛችሁና ቤት ቅርብ ከሆነ ከነእሾሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ ከነቀላችሁት ግን እዚያው ቆማችሁ መቅረታችሁ ነው።

መለጠፊያ ከያዛችሁ ከመንቀላችሁ በፊት ምልክት አድርጉ። እኔ የልብስ ጠመኔ ከኪሴ አይጠፋም፤ እሾሁ ካለበት ፊት ለፊት የጎማው ጎን ላይ አሰምራለሁ። ምልክት ካለ እግሩን፣ ማለትም ቸርኬውን ከነጎማው፣ ከሳይክሉ መፍታት አያስፈልግም። ሳይክሉን ገልብጣችሁ የቀረውን ነፋስ አስወጡ፤ ከዚያ ምልክቱ ያለበትን አንድ ክንድ ያህል ቦታ ብቻ ከፍታችሁ፣ ከመነዳሪውን በዚያው ጎትታችሁ ትለጥፋላችሁ። በተለይ የኋላው ጎማ ላይ ካቴና ማውለቅና ዳዶ መፍታት ስላለ ይህ ትልቅ ግልግል ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ የኋላ እግር የፈታሁት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው።

ሳይክሌ ላይ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት የማንጠለጥለው ይህን ነው፦ መለጠፊያ፣ ማስቲሽ፣ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሁለት ወፍራም የማንኪያ እጀታ፣ ትንሽ ፒንሳ፣ ጥጥ፣ ጠመኔ፣ ፌስታል። መንፊያው ከሳይክሉ ጋር ታስሯል። ማስቲሹን በየጊዜው ክፈቱና እዩት፤ አንዴ የተከፈተ ቱቦ ሳትነኩትም ይደርቃል።

አሠራሩ

ጎማውን ከመክፈታችሁ በፊት ቫልቮላውን፣ ነፋስ የሚሞላበትን፣ ምራቅ ቀቡት። ምራቁ አረፋ ካወጣ የሚያስተነፍሰው እሱ ነው፤ እሾህ ስትፈልጉ አትዋሉ። የድሮዎቹ ሳይክሎች ቫልቮላ ውስጡ ቀጭን የጎማ ሽፋን አለው። እሱ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ነፋስ ይለቃል፤ እሱን ብቻ መቀየር ይበቃል።

ቫልቮላው ደህና ከሆነ ነፋሱን ጨርሳችሁ አስወጡ። ከዚያ የጎማውን ጠርዝ ዙሪያውን በአውራ ጣታችሁ እየተጫናችሁ ወደ ቸርኬው መሐል ግፉት። መሐሉ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ጠርዙ እዚያ ሲገባ ይላላል፤ ጉልበት የሚጠይቀው ይህን ያላደረገ ሰው ነው። ከቫልቮላው ራቅ ብላችሁ አንዱን የማንኪያ እጀታ አስገቡና አውጡት፣ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ሁለተኛውን። ቢላዋና ካቻቪቴ አታስጠጉ። እሾሁ ካደረሰው ጉዳት የእነሱ ይብሳል።

ከመነዳሪውን ከማውጣታችሁ በፊት በየት በኩል እንደነበረ ምልክት አድርጉበት። እኔ በጠመኔ ቀስት እሠራለሁ፤ ቀኙን ከግራው ለመለየት። ይህን ትንሽ ነገር አትዝለሉት፤ በኋላ እሾሁ ያለበትን ቦታ የምታገኙት በእሱ ነው።

አሁን ንፉትና ቀዳዳውን ፈልጉ። መጀመሪያ ወደ ጆሯችሁ፣ ወይም ወደ ከንፈራችሁ አስጠግታችሁ አዙሩት፤ ከንፈር ከጣት ይልቅ ነፋስ ያውቃል። የኩርንችት ቀዳዳ በዚህ ላይገኝ ይችላል፤ ውሃ ይፈልጋል። ቤት ከሆናችሁ ሳፋ ውሃ ይበቃል።

አንድ ቀን ከዘጌ ስመለስ መንገድ ላይ ያዘኝ። ሐይቁ እዚያው ነው፣ ደንገሉ ይታያል፤ ግን ጣና ዳር ቢልሃርዚያ ስላለ ጫማ አውልቄ ውሃው ውስጥ መግባት አልፈለግሁም። የያዝኩትን አንድ ሃይላንድ ውሃ ፌስታል ውስጥ ገለበጥኩት። ፌስታሉን ጉልበቴ መሐል አቅፌ ከመነዳሪውን በየስንዝሩ እያጠፍኩ ነከርኩት። ሦስተኛው ስንዝር ላይ አንዲት አረፋ ተጣብቃ ቆየች። ጠረግኳት። እንደገና መጣች። ጎማውን በሁለት እጄ ለጠጥ ሳደርገው አረፋዎቹ ተከታትለው እንደ ጨሌ ክር ወደ ላይ ተሰደሩ። ቀዳዳው ራሱ አይታይም ነበር፤ አረፋው ባይኖር ቀኑን ሙሉ ባየው አላገኘውም። አውራ ጣቴን ከላዩ ሳላነሳ ውሃውን ጠርጌ በጠመኔ ከበብኩት።

ቀዳዳውን ስታገኙ የት እንዳለ አንብቡት። ከመሬት ጋር በሚገናኘው በውጭኛው ገጽ ከሆነ እሾህ፣ ምስማር ወይም ብርጭቆ ነው። በቸርኬው በኩል ባለው ገጽ ከሆነ ደግሞ የራጂ፣ የቸርኬው ሽቦ፣ ጫፍ ወጥቶ ወግቶት ይሆናል፤ ቸርኬው ላይ የሚለብሰውን የጎማ ጥብጣብ እዩት። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን፣ እባብ የነደፈው መስሎ ከታየ እሾህ አትፈልጉ፤ ነፋስ ያነሰው ጎማ ከድንጋይ ወይም ከጉድጓድ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ነው።

ቀጥሎ እሾሁ። ቫልቮላውን በላዩ ጎማ ላይ ከነበረበት ቦታ ጋር ግጠሙ፣ ቀስቱን አስተካክሉ፣ ከመነዳሪውን ጎማው ላይ አጋድሙት። የቀዳዳው ትይዩ እሾሁ ያለበት ነው። ከውጭ ጎበጥ አድርጋችሁ እዩት፤ ጥቁር ነጥብ ብትሆን ነው። ከውስጥ ጥጡን አዙሩ። በጥጥ እንጂ በጣት አትጀምሩ፤ ብርጭቆ ከሆነ ይቆርጣችኋል። ጥጡ የተያዘበት ቦታ ላይ እሾሁ ብቅ ካለ በፒንሳ ሳቡት። ተሰብሮ ከቀረ ከውስጥ በወስፌ ወደ ውጭ ግፉት። አንድ ጊዜ ወስፌም መርፌም አልያዝኩም ነበር፤ ከመንገድ ዳር አንድ የአጋም እሾህ ቆርጬ ገፋሁት። እሾህን በእሾህ የሚባለው እውነት ሆነ። አንዱን ካገኛችሁ በኋላም ጥጡን ሙሉ ዙር አዙሩ። ኩርንችት ብቻውን አይደለም የሚወጋው፤ እኔ ከአንድ ጎማ አምስት አውጥቻለሁ።

መለጠፉን አትቸኩሉበት። ቀዳዳውና ዙሪያው ፍጹም ደረቅ ይሁን። ከልጥፉ ሰፋ አድርጋችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት፤ የሚያብለጨልጨው ጠፍቶ ድብዝዝ እስኪል ድረስ። ከመነዳሪው ላይ መስመር ካለ እሱንም አስተካክሉት፤ ነፋስ በመስመሩ ሥር ሾልኮ ይወጣል። ከአሮጌ ከመነዳሪ ራሳችሁ የምትቆርጡ ከሆነ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ እሱንም ፈትጉት። ማዕዘን ያለው ልጥፍ ከማዕዘኑ ይነሳል። ኪስ ስሰፋ ማዕዘኑን ደግሜ የምመታው ለዚሁ ነው።

ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። የራሳችሁ ቁራጭ ከሆነ ሁለቱንም ገጽ ቀቡ። ከዚያ ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ማስቲሹ እርጥብ እያለ ይለጥፋል። አምስት ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ በጣት ጀርባ ስትነኩት መጣበቁን ሲተው ደርሷል። በአፋችሁ እፍ አትበሉበት፣ ትንፋሽ እርጥበት አለው። ከዚያ ልጥፉን ከመሐል ወደ ጠርዝ እየተጫናችሁ አስቀምጡት፤ በማንኪያው ጀርባ አጥብቃችሁ እሹት። እኔ ስፌት ቤት ከሆንኩ መቀሴን አስቀምጥበትና አንድ ቁልፍ ተክዬ እመለሳለሁ።

መልሳችሁ ስትከቱት ከመነዳሪው ቅርጹን እስኪይዝ ጥቂት ነፋስ ስጡት፤ ባዶውን ከገባ ይጣመማል። ጠርዙን መመለስ ከቫልቮላው ተቃራኒ ጀምሩና ቫልቮላው ጋ ጨርሱ። የመጨረሻዋ ስንዝር ትጠብቃለች፤ በመዳፋችሁ እንጂ በማንኪያ አትመልሷት። ሲያልቅ ቫልቮላውን አንዴ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ መልሱት፤ ሥሩ የተያዘ ከሆነ ይለቀቃል። ከዚያ በሁለቱም በኩል ዙሪያውን እያያችሁ ከጠርዙ ሥር የተቆነጠጠ ከመነዳሪ አለመኖሩን አረጋግጡ። አለዚያ ስትነፉት እንደ ጥይት ይጮሃል፤ ይህኛውን ደግሞ መለጠፍ አይቻልም።

እንዳይደገም

ነፋስ አይነስ። የጎማው ጎን ላይ የነፋሱን ግፊት የሚናገር ቁጥር ተጽፏል፤ የእኔ ከ40 እስከ 65 ፒ.ኤስ.አይ ይላል። እኔ 50 አካባቢ አደርገዋለሁ። የላላ ጎማ መሬት ላይ ይሰፋል፣ ብዙ እሾህ ይለቅማል፣ ድንጋይም ቶሎ ይቆነጥጠዋል።

ያረጀ ከመነዳሪ አትጣሉ። ቫልቮላውን ቆርጣችሁ በርዝመቱ ሰንጥቁት፤ በላዩ ጎማና በአዲሱ ከመነዳሪ መሐል እንደ ገበር አንጥፉት። ጫፎቹ ሲገናኙ ወፍራም ደረጃ እንዳይሠሩ በመቀስ አሳሷቸው፤ እንዳይፋተግም የሕፃን ፓውደር ነስንሱበት። ሳይክሉ ትንሽ ይከብዳል። ኩርንችትን ግን ያስቆማል። ረጅሙን ግራር አያስቆምም፤ ለእሱ ዓይን ነው መድኃኒቱ። ቀዳዳ ደፋኝ ፈሳሽ የሚጨምሩም አሉ። ለጥቃቅን ቀዳዳ ይሠራል፤ ግን ይደርቃል። ትልቅ ቀዳዳ ሲመጣ ደግሞ ፈሳሹ እየወጣ ማስቲሽ አላስይዝ ይላል። እኔ ገበሩን እመርጣለሁ።

የላዩ ጎማ ክሩ መታየት ከጀመረ ግን ገበርም ልጥፍም አያድነውም፤ ቀይሩት።

ከሁሉም የሚጠቅመኝ የማታው ሥራ ነው። ሳይክሉን ግቢ ሳላስገባ ሁለቱን ጎማዎች አዞርና በአሮጌ ጨርቅ እጠርጋቸዋለሁ። ኩርንችት በአንድ ዙር አይገባም፤ ጎማው በዞረ ቁጥር እየተመታ ነው የሚጠልቀው። ማታ ላይ ገና ላዩ ላይ እያለ ከያዛችሁት በጥፍራችሁ ይነሳል።

ተክሉን ደግሞ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም፣ አበባውን ስታዩ፣ ፍሬው ሳይደርቅ ንቀሉት። አፈሩ እርጥብ ስለሆነ ከነሥሩ ይመጣል። ከስፌት ቤቴ ፊት ለፊት ያለችውን ቁራሽ መሬት በየዓመቱ እነቅላለሁ፤ ፍሬው አፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ አንድ ዓመት ነቅዬ አልተውኩትም። አጠገቤ ያለችው የጀበና ቡና ሻጭም አሁን ታግዘኛለች፤ የእሷም ልጅ ሳይክል ጀምሯል።

ያወጣችሁትን እሾህ መንገድ ላይ መልሳችሁ አትጣሉ። እኔ ከረጢቴ ውስጥ ባዶ የክብሪት ቀፎ አለኝ፤ ከጎማዬ የነቀልኩትን ሁሉ እዚያ እከታለሁ። በዚህ ሳምንት አራት ኩርንችትና አንድ የግራር ስባሪ ገብተውበታል። ማታ ቡና ሳፈላ ቀፎውን ከሰሉ ላይ አራግፈዋለሁ።